የወረዳው ደም ምን ይላል? የአንቲቦዲ ዳሰሳ አሠራር ከጥያቄው እስከ ግራፉ

የወረዳው ሪፖርት የኩፍኝ ክትባት ሽፋን 104 በመቶ ነው ይላል። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ወረዳ ውስጥ ኩፍኝ ይገባል። ይህን ታሪክ በጤና ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ በየመልኩ ያውቀዋል። በስሌቱ ከላይ ያለው ቁጥር የተሰጠው ዶዝ ነው። ከታች ያለው ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ በየዓመቱ በግምት እየጨመረ የመጣ የሕፃናት ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። ታዲያ ሽፋኑ መቶን ቢያልፍ ምን ይገርማል?

ደም ግን ሪፖርት አያነብም። አንድ ልጅ ኩፍኝ ከያዘው፣ ወይም ክትባቱ ከሠራለት፣ ሰውነቱ አንቲቦዲ ያመርታል። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ፀረ እንግዳ አካል ይለዋል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ሁሉም አንቲቦዲ ነው የሚለው። የኩፍኙ አንቲቦዲ ለብዙ ዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። በትክክል የተመረጡ ጥቂት መቶ ሰዎችን ጣት ወጋ አድርጎ ይህን ምልክት መፈለግ ነው የአንቲቦዲ ዳሰሳ የሚባለው። ጤና ጣቢያ ያልመጣውን፣ የክትባት ካርዱ የጠፋበትን፣ ታሞ ቤቱ የዳነውን ሁሉ ያያል።

ከዚህ በታች ያለው በወረዳ ወይም በዞን ደረጃ እንዲህ ያለ ሥራ ለሚያስብ ሰው ነው። ምሳሌዬ ኩፍኝ ነው፤ መንገዱ ግን ለትራኮማም ለወባም ብዙ አይለወጥም።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ቁረጡ

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ "የስንት ሰው ደም እንውሰድ?" ነው። ቦታው ግን እዚህ አይደለም። መጀመሪያ ውጤቱ ምን ውሳኔ እንደሚለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ "ቀጣዩ የኩፍኝ ዘመቻ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ይሁን ወይስ እስከ 14 ዓመት ይዝለቅ?" እንዲህ ከተጻፈ የትኛው ዕድሜ እንደሚፈለግ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ዳሰሳውን አቆዩት። ገንዘቡ ለክትባት ማጓጓዣ ቢውል ይሻላል።

ቀጥሎ አንቲቦዲው መናገር የሚችለውንና የማይችለውን ለዩ። የኩፍኝ አንቲቦዲ ከክትባት ይምጣ ከበሽታው አይናገርም። ሁለቱም አንድ መልክ አላቸው። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ግን ይለያል፤ ክትባቱ የሚያመጣው የቫይረሱን ሽፋን የሚቃወመውን አንቲቦዲ ብቻ ስለሆነ፣ የቫይረሱን እምብርት የሚቃወም አንቲቦዲ የተገኘበት ሰው በሽታው ነክቶታል ማለት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ቲታነስን ነው። መንጋጋ ቆልፍ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ በሽታው በቂ መከላከያ አይተውለትም፤ መርዙ እጅግ በትንሽ መጠን ስለሚጎዳ ሰውነት አይማርበትም። ስለዚህ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ደም ውስጥ የቲታነስ አንቲቦዲ ከተገኘ ምንጩ ክትባት ነው። ከኩፍኝ ጎን ቲታነስን ጨምሩና እንዲህ አንብቡት።

ቲታነስ ከፍ፣ ኩፍኝ ዝቅ ካለ፦ ልጁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጤና ኬላ ደርሷል። በ9 ወሩ ግን አልተመለሰም፣ ወይም የተሰጠው የኩፍኝ ክትባት አልሠራም። ያኔ እናቶችን ከመውቀስ በፊት ፍሪጁን ፈትሹ።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ፦ ቀበሌው ጨርሶ አልተደረሰም።

ቲታነስ ዝቅ፣ ኩፍኝ ከፍ ካለ፦ ወይ የኩፍኝ ዘመቻ ብቻ አልፏል፣ ወይ በሽታው ራሱ ከክትባቱ ቀድሞ ደርሷል። የዘመቻውን ቀን ካወቃችሁ ሁለቱን መለየት አይከብድም።

አንድ ተጨማሪ ምርመራ ይህን ያህል ያናግራል። የቲታነስ አንቲቦዲ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ ግን ይህን ንባብ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ፦ የተቀመጠ ደም ካለ ጠይቁ

መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ፍሪዘሮችን ጠይቁ። በ1994 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ከየቤቱ የተሰበሰበ ደም ለኩፍኝም ለሩቤላም ለሄፓታይተስ ቢም ተመርምሯል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የተገኘባቸው 7 በመቶ ገደማ ነበሩ። አንድ ጊዜ የተወሰደ ደም ለብዙ ጥያቄ መልስ ሰጠ።

ኬንያም በኮሮና ጊዜ ይህንኑ አደረገች። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከ3,098 ደም ለጋሾች የተረፈው ናሙና ሲመረመር፣ ከተስተካከለ በኋላ 4.3 በመቶ ላይ አንቲቦዲ ተገኘ። በወቅቱ በመላው አገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ደም ለጋሽ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት፣ ወንድና ጤነኛ ነው፤ ሕፃን ደም አይለግስም። ለኩፍኝ ጥያቄያችን ስለማይበቃ ወደ ቀበሌው መውጣታችን አይቀርም።

ሦስተኛ፦ ማንን፣ ስንት ሰው?

አሁን ወደ ቁጥሩ መጣን። በአንድ የዕድሜ ክልል ውስጥ 80 በመቶ ልጆች አንቲቦዲ ይኖራቸዋል ብላችሁ ገመታችሁ እንበል። ስሕተቱ ከ5 በመቶ ወዲህና ወዲያ እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ 246 ልጅ ይበቃል። ግን የአንድ ጎጥ ልጆች ይመሳሰላሉ፤ ከታቢዋ ወይ ደርሳላቸዋለች ወይ አልደረሰችም። ለዚህ ሲባል ቁጥሩን በ2 አባዙት፤ 492 ሆነ። ከአሥር አንዱ እምቢ ይላል ወይም ይታጣል ብላችሁ ለ0.9 አካፍሉት፤ 547። ከየክላስተሩ (በዕጣ ከሚወጣው ከየአንዳንዱ የቤቶች ስብስብ) 20 ልጅ ከወሰዳችሁ 28 ክላስተር መድረስ አለባችሁ። ይህ ለአንድ የዕድሜ ክልል ብቻ ነው። ሦስት ክልል ከፈለጋችሁ በሦስት አባዙ፤ ከዚያ በጀቱን አይታችሁ ጥያቄውን አሳጥሩ።

ክላስተሮቹን ከስታቲስቲክስ አገልግሎት የቆጠራ ቦታ ዝርዝር ላይ በዕጣ አውጡ። የቀበሌ ሊቀ መንበሩ "እዚህ ይሻላል" ያለበት ቦታ አይሆንም። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁሌም አንድ ነው፤ መኪና የሚገባበት ቦታ ይመረጣል። መኪና በሚገባበት ደግሞ ክትባቱም ይገባል። ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ማዶ ያለው ጎጥ በዕጣ ከወጣ በቅሎ ተከራዩ። አበሉን ጨምሩ፤ ጎጡን ግን አትቀይሩ።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። የተመረጠው ልጅ ከብት ጥበቃ ከሄደ ማታ ተመለሱ፤ ካልተገኘም በማግሥቱ። የጎረቤቱን ልጅ መተካት አይፈቀድም። ቀን ቤት የሚገኝ ልጅና እረኛው በክትባትም ይለያያሉ። የገበያ ቀንንና የአጨዳ ወቅትን ከወዲሁ እወቁ።

ከ9 ወር በታች ያሉትን ለኩፍኝ አትቁጠሩ። ደማቸው ውስጥ ያለው አንቲቦዲ የእናታቸው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ፈቃድና ወሬ

የሥነ ምግባር ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላው ሁሉ ሳይጀመር ማመልከቻውን አስገቡ። ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ውል ሌላ ወረፋ ነው። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል፤ ከ12 ዓመት በላይ ከሆነ የራሱም ቃል ይጠየቃል።

ወረቀቱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ደም የሚለው ቃል ቀበሌ ሲገባ ከእናንተ ቀድሞ ወሬ ይሆናል። "ደማችንን ሊሸጡት ነው" ይባላል። "በድብቅ ኤች አይ ቪ ሊመረምሩን ነው" ይባላል። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ የዕድር ዳኞችን አግኙ። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ መሆኑን ደሙ የሚንጠባጠብበትን ባዶ የወረቀት ካርድ አሳይታችሁ ንገሯቸው። ኤች አይ ቪ የማትመረምሩ ከሆነ በግልጽ "አንመረምርም" በሉ፤ ቅጹም ላይ ይጻፍ። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ የራሱን ልጅ ካቀረበ ቀኑ ቀለለ ማለት ነው።

እናት "ውጤቱን መቼ ትነግሩኛላችሁ?" ብላ ትጠይቃለች። መልሱን አዘጋጁ። የኩፍኝ አንቲቦዲ ውጤት ከወራት በኋላ የሚመጣ፣ ለአንድ ልጅ ሕክምና የማይጠቅም ነገር ነው። ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሯት። በምትኩ ክትባት ያልጨረሰ ልጅ ካለ እዚያው ጤና ኬላ የሚልክ ወረቀት ስጧት። ባዶ እጃችሁን አትውጡ።

አምስተኛ፦ ዕድሜ

እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ብዙ ዳሰሳ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሰዉ ሁሉ ስለ ደሙ ይጨነቃል። ዕድሜውን ግን "አምስት ይሆነዋል" ብሎ ጽፎ ያልፋል። በኋላ ሠንጠረዡን ስታዩት አምስት ዓመትና አሥር ዓመት ላይ ሰው ተከምሯል፤ አራትና ዘጠኝ ባዶ ናቸው። የአንቲቦዲ ዳሰሳ ዋና ነገሩ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደተገኘ ማየት ነው። ዕድሜው ከተሳሳተ ደሙ ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ የክትባት ካርድ ጠይቁ። ከሌለ የልደት ምዝገባ። እሱም ከሌለ በዓል ይዛችሁ ቁጠሩ። ገጠር ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው፦

"እትዬ፣ ልጁ መቼ ነው የተወለደ?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ ክረምት ነው።"

"ክርስትና የተነሣውስ?"

"እሱማ ለፍልሰታ! ጾሙ የተፈታ ዕለት።"

በቃ፣ ተገኘ። ወንድ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው። ከነሐሴ 16 ወደ ኋላ 40 ቀን ስትቆጥሩ ሐምሌ 6 አካባቢ ላይ ትደርሳላችሁ። ሴት ብትሆን 80 ቀን ነውና ግንቦት 26 አካባቢ ይሆን ነበር። በሙስሊም ቤት ረመዳንን ወይም ዒድን መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የየዓመቱን ቀን የያዘ ሠንጠረዥ በእጃችሁ ይኑር። ዓመቱን ለማግኘት ደግሞ የአካባቢውን ክስተት ያዙ፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ መብራት የገባበት፣ በረዶ ሰብሉን የመታበት። ይህን ዝርዝር ከየቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ቀድማችሁ አዘጋጁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያዋጣል።

ከዚያ የታብሌቱ ጣጣ አለ። የውጭ ቅጽ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጳጉሜን የተወለደ ልጅ ሲመጣ መዝጋቢው ግራ ይገባውና ነሐሴ 30 ብሎ ይገላገላል። ከዚህ የሚብሰው ዓመቱ ነው። አንዱ መዝጋቢ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ ቀይሮ። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው፤ ሕፃኑን ተማሪ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይሞሉ፤ የወሩ ዝርዝር 13 ይሁን። ወደ ፈረንጅ መቀየሩ ቢሮ ውስጥ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀመር ይሠራ። ሰዓትም እንዲሁ፤ "3 ሰዓት" ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ, ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ።

ስድስተኛ፦ ጣቱ

ከክንድ የደም ሥር መቅዳት ላብራቶሪውን ደስ ያሰኛል፤ ማቀዝቀዣና ሴንትሪፉጅ ይዞ መዞርን ግን ይጠይቃል። ለወረዳ ሥራ ፊልተር ፔፐር የሚባለው ወፍራም ወረቀት ይሻላል። ዋትማን 903 በብዛት የሚሠራበት ነው፤ አምስት ክብ ተሥሎበታል።

መጀመሪያ ኮዱን ለጥፉ፣ ከዚያ ውጉ። አንድ ዓይነት ባርኮድ በካርዱ፣ በፈቃድ ቅጹና በታብሌቱ ላይ ይሁን። ካርዱ ላይ በእርሳስም ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይፈሳል፣ ስቲከር ደግሞ ሲሞቅ ይላቀቃል።

ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጥ። እጁ ከቀዘቀዘ አሹለት። መሐል ጣቱን ወይም የቀለበት ጣቱን በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ካልደረቀ ደሙን ያበላሸዋል፣ ልጁንም ያቃጥለዋል። የጣቱን ጫፍ መሐሉን ሳይሆን ጎኑን ውጉ። ላንሴቱ (መውጊያው) አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ ከወጋ በኋላ ስለቱ ወዲያው ወደ ውስጥ የሚመለስ ዓይነት ይሁን። ገና መራመድ ካልጀመረ ሕፃን የተረከዙ ጎን ይወሰዳል።

የመጀመሪያውን ጠብታ ጥረጉት። ሁለተኛው ራሱ ተንጠልጥሎ ወረቀቱን ይንካ፤ ጣቱ ወረቀቱን አይንካ። አንድ ክብ በአንድ ትልቅ ጠብታ ይሞላና ከጀርባው በኩልም ይታያል። ጠብታ በጠብታ ላይ አትደርቡ። ጣቱን እንደ ሎሚ አትጭመቁት፤ ከደሙ ጋር ውኃ ይወጣና ናሙናው ይቀጥናል። ሁለት ክብ በደንብ የሞላ ካርድ አምስት ክብ በትንንሹ ከተነካካ ይበልጣል። ላንሴቱ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ይግባ።

ሰባተኛ፦ ማድረቅ

አንድ ጊዜ ቡድናችን ማታ ደክሞት ያልደረቁ ካርዶችን ደራርቦ ፌስታል ውስጥ ከተተ። ላብራቶሪ ሲደርሱ ሻግተው ነበር። የሁለት ቀን ሥራ፣ የአርባ እናቶች ፈቃድ፣ ሁሉም ሜዳ ቀረ።

ካርዶቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ ከጠረጴዛ ከፍ ብለው፣ በጥላ ሥር ይድረቁ። ቢያንስ አራት ሰዓት፤ ክረምት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ምድጃ አጠገብም አታኑሩ። ዝንብ ደም ይወዳልና በወንፊት ጨርቅ ሸፍኑ። የደረቀ ደም ከቀይ ወደ ጥቁር ቡና ይለወጣል።

ከደረቁ በኋላ እያንዳንዱን ካርድ ለየብቻ፣ ዚፕ ባለው ፌስታል፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄልና ከእርጥበት መለኪያ ወረቀት ጋር አሽጉ። መለኪያው ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ጄሉ ይቀየር። ፌስታሉ በጠራራ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ አይደር። በደንብ የደረቀ ካርድ ያለ ፍሪጅ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያስፈልገዋል።

ስምንተኛ፦ ላብራቶሪ

ላብራቶሪው ከደሙ ክብ መሐል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበሳና በፈሳሽ ያሟሟዋል። አንድ ወይም ሁለት በሽታ ከሆነ ኤሊዛ የሚባለው የተለመደ የአንቲቦዲ ምርመራ ይበቃል። ብዙ በሽታ በአንድ ጊዜ ከፈለጋችሁ ባለቀለም ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ የየበሽታውን አንቲጅን (አንቲቦዲው የሚይዘውን የጀርሙን ክፍል) የሚለጥፈው መልቲፕሌክስ አለ። ኩፍኝ፣ ቲታነስ፣ ወባና ትራኮማ ከአንድ ጠብታ ይወጣሉ። ማሽኑ ውድ ነው፤ የራሳችሁን ከመመኘት ያለው ተቋም ጋር ተዋዋሉ።

ለኩፍኝ መከላከያ ተብሎ የሚያዘው ወሰን በሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ነው። ኤሊዛ ዝቅተኛውን አንቲቦዲ ሊስተው ስለሚችል፣ መሐል ላይ የወደቁትን "አጠራጣሪ" ብላችሁ ለብቻ ቁጠሩ። ወዲያም ወዲህም አትግፏቸው።

ዘጠነኛ፦ ቁጥሩን ማረምና ማንበብ

ማንኛውም ምርመራ ይሳሳታል። በሽታው ብርቅ ሲሆን ስሕተቱ ከእውነቱ ሊበልጥ ይችላል። ከ1,000 ሰው በእርግጥ የተያዙት 20 ናቸው እንበል። ምርመራው ከተያዙት 90 በመቶውን ያገኛል፤ 18። ካልተያዙት 980 ውስጥ ደግሞ 3 በመቶውን በስሕተት "አለበት" ይላል፤ 29። ድምሩ 47 ሆነ። 2 በመቶው 4.7 በመቶ መሰለ! ማረሚያው ይህ ነው፦ ከተገኘው 4.7 ላይ የስሕተቱን 3 ቀንሱ፤ 1.7። የቀረውን ለ0.87 አካፍሉ፤ ይኸውም 0.90 ሲቀነስ 0.03 ነው። ወደ 2 በመቶ ትመለሳላችሁ። የስሕተቱን መጠን ከኪቱ ካርቶን ላይ አትቅዱ። በሌላ አገር ሕዝብ የተለካ ነው። ለአዲስ በሽታ ከሆነ፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ከዚያው አካባቢ የተቀመጠ ደም ላይ ሞክሩት። ቢጫ ወባ ላይ ደግሞ ዴንጊ መሰል ዘመዶቹ ምርመራውን ያታልሉታል።

ከዚያ ግራፍ ሥሩ። ከታች ዕድሜ፣ ከጎን አንቲቦዲ ያላቸው በመቶ። የትራኮማን ምሳሌ ውሰዱ። በየዓመቱ ካልተነኩት ልጆች 5 በመቶው የሚነካ ከሆነ፣ 10 ዓመት ሲሞላቸው ከመቶው 40 ገደማ አንቲቦዲ ይኖራቸዋል፤ መስመሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ትንንሾቹ ላይ መስመሩ መሬት ይዞ ከተጋደመና ከአንድ ዕድሜ በኋላ ብቻ ከተነሣ፣ ስርጭቱ የቆመበትን ዓመት እያያችሁ ነው። የልጁን ዓይን ገልብጦ የሚያይ ሰው ዛሬን ብቻ ነው የሚያየው።

ኩፍኝ ላይ የምትፈልጉት ጎድጓዳውን ነው። በ9 ወር የሚሰጠው ክትባት የሚሠራው ከመቶ ልጅ ለ85 ያህሉ ነው። ሁሉም ቢወስዱት እንኳ 15 ይቀራሉ። ሁለተኛው ዶዝ በ15 ወር እንዲሰጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨመረው ለዚህ ነው። ስርጭቱን ለመግታት 95 በመቶ ገደማ ሕዝብ መከላከያ እንዲኖረው ስለሚያስፈልግ፣ በግራፉ ላይ 95 በመቶው ጋ አግድም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በታች የወደቁት ዕድሜዎች የዘመቻው ዕድሜ ናቸው። አማካዩን ብቻ ሪፖርት አታድርጉ፤ የወረዳው 86 በመቶ ሦስት ቀበሌ 50 ላይ እንዳሉ ይደብቃል። ከ20 ልጅ የወጣውን የአንድ ክላስተር ቁጥርም እንደ ፍርድ አትያዙት፤ ሄዶ ለማየት ግን ይበቃል።

ግራፉን በአንድ ገጽ አትሙና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጣቢያዎቹና ደሙ ለተወሰደባቸው ቀበሌዎች ስጡ። የተረፉትን ካርዶች ፍሪዘር ስታስገቡ ሳጥኑ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከየት፣ መቼ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እናቶቹ ለሌላ ምርመራ ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም።